ጓዳ ባለው ነገር ሾርባና ወጥ መሥራት፦ ለደሴ ብርድና ለኮምቦልቻ ሙቀት

ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ምስር፣ ቁራጭ ዱባ፣ ሦስት ራስ ሽንኩርትና የትናንት ዳቦ ካለ የአምስት ሰው እራት አለ። ሾርባን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የዕቃ ማነስ ሳይሆን የተራ መዛባት ነው። ምን ቀድሞ ድስት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚቆይ፣ ቲማቲሙና ቅቤው መቼ እንደሚታከሉ ካልታወቀ ሙሉ ገበያ ተገዝቶም ድንቹ ይሟሟል፣ ክኩ ግን ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው፣ አንድ ሁለት ሙሉ አሠራር ቢኖርበትም፣ በዋናነት የተገኘውን ነገር በየተራው የማስገባት ዘዴ ነው።

መለኪያን በተመለከተ፣ «ብርጭቆ» ሲባል ሩብ ሊትር የሚይዘው የውሃ መጠጫ ነው። የሻይ ብርጭቆ ትንሽ ስለሆነ በእሱ ከሰፈሩ ሁሉም ነገር ይጎድላል። አንድ ብርጭቆ ምስር ክክ 200 ግራም ያህል ይመዝናል።

ከሁሉ በፊት ውሃው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በሁለቱ መካከል ባለው በሐረጎ ተራራ ተጠማዞ በሚወርደው አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይኬዳል። ይህ ማድቤት ውስጥ ትርጉም አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ደሴ ላይ የሚንተከተከው ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ኮምቦልቻ ያለች እህት በ50 ደቂቃ ያበሰለችው አተር ክክ ደሴ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቢፈጅ ጥፋቱ የክኩም የእሳቱም አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከሌላ አገር በመጣ መመሪያ ላይ ለጥራጥሬ «20 ደቂቃ» የሚለውን ደሴ ላይ 30 ብሎ ማንበብ ነው። ሁለተኛ፣ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብዛት ከሰል ማባከን ነው። ክዳኑ ተከድኖ ለስለስ ባለ እሳት መንተክተክ ይበቃዋል። ፕሬዠር ድስት ያለው ቤት ግን ከፍታውን ያሸንፋል፤ እንፋሎቱ ስለሚታፈን ሙቀቱ ከ100 በላይ ይወጣል፣ የ2 ሰዓቱ ሽንብራ በ40 ደቂቃ ያልቃል። ጥራጥሬ ሲሆን ድስቱ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ። አረፋው ወደ ላይ ይወጣና የእንፋሎት መውጫዋን ይደፍናል።

ጥራጥሬ፣ ለምን አልበስል ይላል?

ደሴ ላይ በተራ ድስት የሚፈጁት ጊዜ እንዲህ ነው። ምስር ክክ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ፣ ድፍን ምስር ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ አተር ክክ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽንብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይቀድማል።

ከዚህ ካለፈ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው እርጅና ነው። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ወራት ያስቆጠረ ጥራጥሬ ውስጡ ይጠነክራል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ጆንያ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ መቀቀል አይገባም። አዲሱ ሲፈርስ አሮጌው ገና ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ያደረ እንጀራ፣ እነዚህ ጥራጥሬው ሳይለሰልስ ከገቡ የቆዳውንና የውስጡን ማያያዣ አጽንተው ይይዙታል። ብዙ ሰው ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር አቁላልቶ ጥሬ ክክ ይጨምርበትና ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ክኩ በባዶ ውሃ ይለስልስ፣ ከዚያ ከቁሌቱ ጋር ይገናኝ። ድንችም እንዲሁ ነው፣ ቲማቲም ውስጥ ጥሬውን ከገባ ዳር ዳሩ ደንደን ብሎ ይቀራል።

ሦስተኛው ጠጣር ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ጥራጥሬ ያዘገያል። ማታ አፍልቶ ማሳደርና ጠዋት ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ ቀድቶ መጠቀም ይረዳል።

ጨው ግን በከንቱ ይወቀሳል። መዘፍዘፊያው ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢገባ እንዲያውም የሽንብራውና የባቄላው ቆዳ ይለሰልሳል። ቤኪንግ ሶዳም ያለሰልሳል፣ ለአንድ ብርጭቆ ጥራጥሬ በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ። ከዚያ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። እርድ ካለበት ደግሞ ቢጫው ወደ ቀይ ቡና ዓይነት ይለወጣል፤ አልጫው ቀይ ወጥ መስሎ ሲቀርብ አይቶ የሚደነግጥ እንግዳ አይጠፋም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም በከፊል የበሰለውን ከተበላ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ሆድም ያጣድፋል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል። በአዲስ ውሃ ተጥዶ መጀመሪያ ለ30 ደቂቃ በደንብ ይንፈቅፈቅ፣ ከዚያ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ከመጀመሪያው በረመጥ ላይ ለብ እያለ እንዲበስል መተው አደገኛው መንገድ ነው። ሌላው ጓያ ነው። ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ደግሞ ቀቅሎ መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ርካሽ ሽሮ ሲገዛ ጓያ እንዳለበት መጠየቅ፣ ካለበትም የዕለት ተዕለት ወጥ አለማድረግ ነው።

ቁሌት

የወጥ ውፍረት የሚመጣው ከዱቄት ሳይሆን ከሽንኩርት ነው። ለአንድ ሊትር ወጥ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም አራት መካከለኛ ራስ፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይት፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 5 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ያስፈልጋል።

ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፋል። ትልልቅ ሆኖ የተከተፈ ሽንኩርት ሁለት ሰዓት ቢቁላላም አይሟሟም፣ ወጡ ላይ እየተንሳፈፈ ይቀራል። ድስቱ ያለ ዘይት ይጣድና ሽንኩርቱ ከቁንጥር ጨው ጋር ይገባል። ጨው ውሃውን ያስወጣል። በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰሉ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ይሰበሰባል፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዘይቱ የሚጨመረው ሽንኩርቱ ተሰብስቦ ወርቃማ ሲሆን ነው። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፣ ዘይትም ይፈጃል።

ዘይቱ ከገባ ከ5 ደቂቃ በኋላ በርበሬው ይታከላል፤ ወዲያው ሩብ ብርጭቆ ውሃ ይከተለዋል። በርበሬ ደረቅ ድስት ላይ በደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ደግሞ ይመራል፣ መድኃኒትም የለውም፣ ድስቱን አጥቦ እንደገና መጀመር ነው። ውሃው በየጥቂት ደቂቃው በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ በርበሬው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። የበርበሬ ቀለምና ማቃጠል የሚወጣው በዘይት ውስጥ ስለሆነ መብሰሉ የሚታወቀው ዘይቱ ከዳር ተለይቶ ቀይ ሆኖ ሲታይ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በዚህ መሃል ይገባሉ። ከሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ከገቡ ያርራሉ፣ ሽታቸውም ይጠፋል።

አልጫ ሲሆን በርበሬው ይቀርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። እርድ ሲበዛ አፈር አፈር ይላል።

ሽንኩርት በተወደደበት ሰሞን ግማሹን በደቃቁ በተከተፈ ጥቅል ጎመን መተካት ይቻላል። ጎመኑ ውሃውን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ አሥር ደቂቃ ይጨመርለት፤ ወጡ ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል፣ በርበሬ ደግሞ ጣፋጩን ይሸከማል። የተፈቀፈቀ ካሮትም ይሠራል። ጥሬ ድንች ፈቅፍቆ መጨመር ግን ቁሌቱን ያጣብቀዋል፣ አይመከርም።

ምስር ሾርባ፣ የጋራ ድስት

ወሎ ውስጥ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ሊሆን ይችላል፤ የሥጋው ነገር ይለያያል፣ የጾሙም ጊዜ እንዲሁ። ሥጋ ባልነካ ድስት፣ በዘይት ብቻ፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የተሠራ ሾርባ ግን ረቡዕና ዓርብም፣ ሁዳዴም፣ ለረመዳን ማፍጠሪያም ያለ ጥያቄ በሳህን ተሸፍኖ ይላካል። ስለዚህ መሠረት አድርጎ መልመድ ያለበት ይህ ነው። ለ5 ሰው፦

1. አንድ ብርጭቆ ምስር ክክ ይለቀምና ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባል። ዱቄቱ ካልታጠበ አረፋ እየሆነ ይገነፍላል።

2. በ1 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል። ሲፈላ አረፋው በጭልፋ ይገፈፋል። ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመራል፤ ዘይቱ መገንፈሉን ያስታግሳል። ክዳኑ ገርበብ ይደረጋል።

3. ምስሩ በሚበስልበት ጊዜ በሌላ መጥበሻ ሁለት ራስ ሽንኩርት ከላይ እንደተባለው ይቁላላል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ቆንጠር ነጭ አዝሙድ ይገባል።

4. ምስሩ ከ20 ደቂቃ በኋላ መሰነጣጠቅ ሲጀምር በትንንሹ የተከተፈ አንድ ካሮትና አንድ ድንች ይጨመራል።

5. ድንቹ በማንኪያ ሲጫኑት ሲከፈል ቁሌቱ ይገባል። አሁን፣ ከዚህ በፊት ሳይሆን፣ አንድ የተከተፈ ቲማቲም ይታከላል። 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

6. አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ገብቶ ይቀመሳል። ሾርባው ገና ስለሚሰበሰብ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ከእሳት ሲወርድ ነው።

7. በማማሰያ ጀርባ ግማሹ ድስቱ ዳር ላይ ይደፈጠጣል፣ ግማሹ እንዳለ ይተዋል። ሙሉ በሙሉ ከተፈጨ አጥሚት ይመስላል። ቃሪያና ሎሚ ሲቀርብ።

ዱባ ከተገኘ በድንቹ ፋንታ ይገባል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ዱባው ብዙ ከሆነ ግን ሾርባው ስለሚጣፍጥ ቃሪያውን ማብዛት ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ቁሌቱ ላይ ማብሰል ግድ ነው።

አትክልቱ በየተራው

አትክልት ሲቀላቀል የሚከተለው ሕግ አንድ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም እኩል እንዲደርስ ዘግይቶ የሚበስለው ይቀድማል። ካሮትና ፎሶሊያ መጀመሪያ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በሁለት ጣት ውፍረት የተቆረጠ ድንች፣ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ጥቅል ጎመን ከድንቹ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይገባል፤ ከ20 ደቂቃ ካለፈ ሽታውን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። የአበሻ ጎመን እንደ እድሜው ነው፣ ለጋው 20 ደቂቃ፣ የጠነከረው 40። ዱባና ዝኩኒ ከማውረጃው 20 ደቂቃ በፊት፣ ቆስጣ ከማውረጃው 5 ደቂቃ በፊት፣ ቃሪያ ከእሳት ሲወርድ።

ድንች አረንጓዴ ከሆነበት ቦታ ጠልቆ ይቆረጣል፣ ብቅ ያለው ቡቃያም ከሥሩ ይወጣል፤ እዚያ የሚጠራቀመው መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም። አብዛኛው አረንጓዴ የሆነ ድንች ለሾርባ አይሆንም፣ ይጣላል።

መኮሮኒና ሩዝ ካለ ለአንድ ሊትር ተኩል ግማሽ ብርጭቆ፣ በመጨረሻው 20 ደቂቃ። ከተረፈ እዚያው ውሃውን ጠጥቶ ያድራል።

አጥንት፣ ቋንጣ፣ ቁራጭ ሥጋ

ሥጋ ለመግዛት እጅ በሚያጥርበት ጊዜ የቅልጥም አጥንት ከሥጋ ቤት በርካሽ ይገኛል። አንድ ኪሎ አጥንት በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል። በሙቅ ውሃ ከተጀመረ ደሙ ውስጡ ይረጋል፣ አረፋውም ተበትኖ ሾርባው ይደፈርሳል። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ግራጫ አረፋ ይወጣል፣ እስኪጠራ ይገፈፋል። ከዚያ ፊቱ እንቅ እንቅ ብቻ እያለ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። እሳቱ ከበረታና ከተንፈቀፈቀ ስቡ ከውሃው ጋር ይዋሃድና ሾርባው ወተት ይመስላል፤ አፍ ላይም ይከብዳል። ግማሽ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ከተገኘ የጦስኝ ቅርንጫፍ። ጨው ከጅምሩ አይገባም፤ 3 ሊትሩ 2 ሊትር ሲሆን የተመጠነው ጨው ከልክ ያልፋል።

ደሴ ላይ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በከሰል ስለሚሠራና ብርዱም ስለሚገፋፋ ምድጃው ቤት ይገባል። ከሰል ጭስ ባይኖረውም የሚተፋው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። አምስት ሰዓት የሚቆይ ድስት በተዘጋ ክፍል አይቀቀልም፣ በር ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ የተኛ ሰው ያለበት ክፍል ግን በምንም።

ከሰል ለመቆጠብ ለአተር ክክ የሚሆን አንድ መላ አለ። ክኩ 20 ደቂቃ በደንብ ይፈላል፣ ክዳኑ ሳይከፈት ወዲያው በጋዜጣ ከዚያም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ድስቱ ከሩብ በላይ ባዶ መሆን የለበትም፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ክኩ ለስልሶ ይገኛል፣ ቁሌት ተጨምሮ አንዴ ይፈላና ይበላል። ለቀይ ቦሎቄ ይህ መንገድ አይሆንም።

ቋንጣ ካለ ድስቱ ውስጥ የሚገባው እንደ ቅመም እንጂ እንደ ሥጋ አይደለም። አንድ ጭብጥ ቋንጣ ተሰባብሮ በርበሬው እየበሰለ ሳለ ቁሌቱ ላይ ይደረጋል፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቋንጣው ራሱ ጨው ስለያዘ የድስቱ ጨው በግማሽ ይቀነሳል።

የማፍጠሪያው ሾርባ ሲታሰብ አጃው ነው ዋናው። ከ7 እስከ 8 ለሚሆን ሰው አንድ ብርጭቆ የአጃ ሽርክት በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪወጣ 5 ደቂቃ ይታመሳል፤ ያልታመሰ አጃ ይልወሰወሳል። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። 300 ግራም በትንንሹ የተከተፈ ሥጋ በ2 ሊትር ተኩል ውሃ 40 ደቂቃ ተቀቅሎ አረፋው ሲገፈፍ አጃው ይገባል፣ ሌላ 50 ደቂቃ ይንተከተካል። በየ5 ደቂቃው ታቹ ይማሰላል፤ አጃ ሳይታወቅ እታች ይይዛል። ቲማቲም፣ ድንብላልና ቃሪያ በመጨረሻው 15 ደቂቃ። ሥራው ከዐስር ሶላት አካባቢ ጀምሮ ከሆነ ሾርባው እስከ መግሪብ ይወፍራል፣ ስለዚህ ቀጠን አድርጎ ማውረድና ሙቅ ውሃ በጎን ማዘጋጀት ነው። አጃ ከሌለ የስንዴ ወይም የገብስ ሽርክት በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ገብሱ ሩብ ሰዓት ያህል ይጨምራል።

ቅቤ የሚገባበት ወጥ ላይ ንጥሩ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከማውረጃው 5 ደቂቃ በፊት። መከለሻውም ያኔ ነው። ሰዓት ሙሉ የፈላ ኮረሪማ ማድቤቱን ያሸታል እንጂ ወጡ ላይ አይገኝም።

ማወፈሪያ

ሾርባ ቀጥኖ ከቀረበ ክዳኑን ከፍቶ 10 ደቂቃ ማቆየት የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። ጊዜ ከሌለ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ ወይም በሶ። ማንኛውም ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይገባል። በሙቅ ላይ ከተነሰነሰ የእያንዳንዷ ጉብታ ውጫዊ ክፍል ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ዱቄት እንደያዘ ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ ማማሰል ብቻውን አይፈታውም፤ በወንፊት ማጥለል ነው። ሽሮው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል። በሶ አስቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስለዚህ እንግዳ በር ላይ ሲቆም በሶ ይመረጣል።

ድርቆሽም ማወፈሪያ ነው። ለቀይ ወጥ አንድ ጭብጥ ተሰባብሮ ከማውረጃው በፊት። ከእንጀራው ኮምጣጣነት ስለሚመጣ ሎሚና ተጨማሪ ቲማቲም አያስፈልግም። የትናንት ዳቦ ደግሞ ድስቱ ውስጥ አይገባም። በምጣድ ወይም በመጥበሻ ደርቆ ሳህኑ ታች ይደረግና ሾርባው ከላይ ይፈስበታል።

ሲበላሽ

ካረረ፦ መማሰል ይቁም። የማሳረር ጣዕሙ ታቹ ላይ ነው፣ ያማሰለ ሰው ለሁሉም ያከፋፍለዋል። ከላይ ያለው ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል፣ ታቹ አይፋቅም። ከቀመሱት በኋላ ጭስ ጭስ ካለ በመከለሻ መሸፈን አይቻልም።

ጨው ከበዛ፦ ድንች ጨው ይስባል እየተባለ ድንች ይጨመራል። ድንች የሚጠጣው እንደ ሾርባው ያለ ጨዋማ ውሃ ነው፤ ጨውን ለይቶ አይወስድም። የሚረዳው ጨው የሌለው ነገር መጨመር ነው፤ ሙቅ ውሃ፣ የተቀቀለ ምስር፣ ወይም ጨው ያልጨመሩበት ቁሌት። ድንች መጨመሩ ከጠቀመ ድስቱን ስላበዛው ብቻ ነው።

ከኮመጠጠ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ተፈቅፍቆ የተቁላላ ካሮት። ሶዳ የቲማቲሙን ጣዕም ጭምር ያጠፋል።

በርበሬው ጥሬ ከሆነና ወጡ አስቀድሞ ውሃ ከገባበት፦ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት በጭልፋ ይቀዳል፣ ትንሽ በርበሬ ካለበት የወጡ ክፍል ጋር በሌላ መጥበሻ 10 ደቂቃ ይበስላል፣ ይመለሳል። ፍጹም አይሆንም ግን ይበላል።

ያደረ ሾርባ

የደሴ ሌሊት ይቀዘቅዛል ብሎ አምስት ሊትር ድስት ማድቤት ማሳደር ስህተት ነው። የትልቅ ድስት መሃሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ተህዋሲያን የሚራቡትም በዚያ ለብታ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የሚተርፈው ሾርባ ወደ ሰፊ ትሪ ወይም ወደ ትንንሽ ዕቃ ይገለበጣል። ዕቃው ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥና አልፎ አልፎ ይማሰላል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይገባል። እዚያ 3 ቀን ይቆያል። የአጥንት ሾርባ ሲሆን ስቡ ፊቱ ላይ ይረጋል፣ በማንኪያ ይነሳል፤ ለሌላ ቀን ቁሌት ይሆናል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የሚበላውን ያህል ብቻ ይሥራ። ውጭ ያደረን ሾርባ ጠዋት ማፍላት አብዛኞቹን ተህዋሲያን ይገድላል፣ አንዳንዶቹ የተዉትን መርዝ ግን አያጠፋም። ከማቀዝቀዣ የወጣው ሲሞቅ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሃሉም ጭምር እስኪንፈቀፈቅ ይጠበቃል። የሚሞቀውም ለዚያ ሰዓት የሚቀርበው ያህል ተቀንሶ ነው፤ ቀሪው ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቆያል።